ማሽኑ ከሠራ ደመቀች ትሄዳለች

ሰው በስድሳ ሁለት ዓመቱ ሌላ ኃጢአት ያጣ ይመስል የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያበላሻል? እኔ ጠጅቱ አበላሽቻለሁ። አንድ ጊዜ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ስድስት ጊዜ ነው። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሳቃቸው አመለጣቸውና በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። እሳቸው ከሳቁ እናንተም ብትስቁ አልቀየምም።

ነገሩ ግን የማሽን ነገር አይደለም፣ የደመቀች ነው። ደመቀች ተከራዬ ናት። ሰበታ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ሃያ ደቂቃ በእግር ገባ ብሎ ነው ግቢዬ። ከጓሮ ያለችውን አንድ ክፍል ሰርቪስ ተከራይታ ከገባች ማሽኑ በመጣ ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። የመጣችው ከወላይታ፣ ከቦዲቲ ነው። አንድ ሻንጣ፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ካርቶን ሙሉ ቁልፍና ካቻቢቴ ይዛ ደጄ ላይ ስትቆም፣ "ባልሽ መካኒክ ነው እንዴ?" አልኳት።

"ባል የለኝም፤ መካኒኳ እኔ ነኝ" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። እዚሁ ሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ትጠግናለች። ማሽን ሲታመምባት መዳፏን ታሳርፍበትና ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ትንሽ ቆይታ "እዚህ ጋ ነው" ትላለች። የኔን ማቀዝቀዣ እንዲሁ አድርጋ ነው ያዳነችው። እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሷ ጴንጤ። ጠዋት ጠዋት መዝሙሯን ስትለቀው የመጀመሪያውን ዓመት በመጥረጊያ እንጨት ግድግዳዋን እደበድብ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ተውኩት። በሦስተኛው ዓመት ሽሮ እያማሰልኩ የሷን መዝሙር ሳዜም ራሴን ያዝኩት። ጉድ እኮ ነው!

አንድ ክረምት ጭቃ አንሸራቶኝ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ ሐኪም አየው፣ ዳነ ተባለ፤ ልብስ መጭመቅ ግን እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ ልብሴን የምታጥበው ደመቀች ሆነች። በሳምንት አንድ ቀን የምታርፈው እሁድ ነው፤ ከቸርች እንደተመለሰች ሳፋዬን ትጎትታለች። እቆጣለሁ፣ እሳደባለሁ፣ ሳፋውን እደብቃለሁ። "እማማ፣ ይቆጡ፤ እኔ እያጠብኩ እሰማለሁ" ትለኛለች። አየር ጤና ያለችው ልጄ ጂቱ ይህን ስትሰማ አፈረች መሰለኝ፣ ማሽን ልትገዛልኝ ቆረጠች። ማሽኑን የላከችበት ጊዜ ግን፣ እንዲያው ምን ልበላችሁ፣ ታኅሣሥ 2008 ነበር።

ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። አዲስ አበባን ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር የኔን የጓሮ ጤፍ መሬት በየት በኩል እንደሚቆርጣት የሚነግረኝ አንድ ሰው አልነበረም። የሰፈሩ ልጆች ተቃውመው መንገዱ ላይ ድንጋይ ይደረድራሉ፣ ወታደር ያነሳል፣ እንደገና ይደረደራል። የሞቱም ነበሩ። የደመቀች ፋብሪካም "እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ቆዩ" ብሎ በሩን ዘጋ።

የጂቱ አይሱዙ ሹፌር ድንጋዩን ሲያይ ማሽኑን አስፋልት ዳር አውርዶ ተፈተለከ። ምን ይዋጠኝ! ጋሪ የለ፣ ባጃጅ የለ። ጎረቤቴ ኦቦ መገርሳ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከአንገታቸው አይወርድም። ቁልፉን እያሻሹ፣ "የእድሩ ቃሬዛ አለ አይደል?" አሉኝ።

"ኧረ በስመአብ! የሬሳ መሸከሚያ?"

"አዴ ጠጅቱ፣ ቃሬዛ ይሸከማል እንጂ አይመርጥም።"

ሦስት ጎልማሶችና ደመቀች ሆነው ሄዱ። እዚህ ድረስ ደግ ነው። ግን ኦቦ መገርሳ ካርቶኑ አቧራ እንዳይጠጣ ብለው የራሳቸውን ነጭ ጋቢ አለበሱት! እንግዲህ አስቡት። አራት ሰው፣ ቃሬዛ፣ ነጭ ጋቢ፣ በዚያ ሰሞን። ድንጋይ የደረደሩት ልጆች ኮፍያቸውን አውልቀው ድንጋዩን በእጃቸው አነሱ። ማዞሪያው ላይ የቆሙት ወታደሮችም ጥግ ይዘው አሳለፏቸው። ሱቅ ያለው ሱቁን ዘግቶ ከኋላ ተከተለ። ደመቀች ኋላ ስትነግረኝ፣ "ማሽን ነው ለማለት አፌን ብከፍት ማንም አይሰማኝም ነበር፤ ዝም ብዬ አለቀስኩ፣ ሁሉም ሲያለቅስ እንዴት ልቻል?" አለችኝ።

ደጄ ሲደርሱ ሃምሳ ሰው ተከትሏቸዋል። ጎረቤቴ አሲያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ "ማነው? የማን ልጅ ነው?" እያለች ትንሰቀሰቃለች። ጋቢው ተገለጠ። ካርቶኑ ላይ አንዲት ፈረንጅ ሴት ፎጣ ይዛ ጥርሷን ፈገግ አድርጋለች። መጀመሪያ የሳቀችው አሲያ ራሷ ናት፤ እንባዋ ሳይደርቅ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ከዚያ ሁላችንም። ስንት ሳምንት ሳንስቅ ከርመን ነበር።

በነጋታው ነው የኔ መከራ የጀመረው። ቦዲቲ ያለው የደመቀች ወንድም ዳና ደወለ። ድምፁ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ይሰማል። "ነይ እንጂ! ፋብሪካው ተዘግቷል፣ መንገዱ አይታመንም፤ እዚያ ማን አለሽ?" ይላታል።

"እመጣለሁ" አለችው። "ብቻ ማሽኑን ልትከልላቸው። እማማ እጃቸው አያጥብም፤ ማሽኑ ሳይሠራ ጥያቸው አልሄድም።"

ልቤ ስንጥቅ አለ። "ቅሪ" ማለት አማረኝ፣ አልቻልኩም። ቅሪ ብያት አንድ ነገር ቢደርስባት በምን ዓይኔ ወንድሟን አያለሁ? ደግሞ እኔ እሷን የማስቸግር ማን ነኝ? አከራይ ነኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ዝም ስል ደግሞ ተንኮል ይመጣልኛል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አመሌ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንኳ ተንኮል አላስፈለገኝም፤ አላዋቂነቴ በቃኝ። ማሽኑን ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ጎን አስቆምኩና ዳንቴል አለበስኩት። ደመቀች አየችው።

"እማማ፣ ውሃው በየት ይገባል?"

"ለጊዜው ሰው ይየው።"

"በየትስ ይወጣል?"

ተሸክመን የጓሮ በረንዳ ላይ፣ ከሮቶው አጠገብ ወሰድነው። ሮቶዬ ከፍ ያለ የብረት ማማ ላይ ነው የተቀመጠው፤ "ጥሩ፣ ውሃው ከላይ ካልገፋ ማሽኑ ይጠማል" አለች። ሶኬቱን ከግድግዳው በቀጥታ አደረገችው፤ በማራዘሚያ ገመድ አይሆንም፣ ይግላል አለች። ማሽኑ ላይ ግማሽ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጣ ጎንበስ ብላ ታያለች፤ ውሃው ወደ ግራ ካዘነበለ የግራውን እግር በቁልፍ ከፍ ታደርጋለች። እግሮቹ ለካ እንደ ብሎን ይዞራሉ። ከዚያ ከጀርባው አራት ትልልቅ ብሎኖች አየችና ልትፈታ ቁልፍ አነሳች።

ጮህኩ። "ፋብሪካው ያጠበቀውን አንቺ ልትፈቺ? እጅሽን ሰብስቢ!"

"እማማ፣ ይሄ እኮ የመንገድ ነው። ውስጡ ያለው በርሜል በጉዞ እንዳይንገላታ ነው ያሰሩት።"

"ታስሮ ከመጣ ታስሮ ይሥራ!"

ራሷን ነቅንቃ ተወችው፤ ግትርነቴን ታውቀዋለች። ባዶውን አስነሳችው። መጀመሪያ ደህና ነበር፤ መጭመቅ ሲጀምር ግን፣ የሰው ያለህ! እየተንቀጠቀጠ፣ እየደነፋ፣ በረንዳውን አቋርጦ ወደኔ መጣ። ስሸሽ በርጩማው ጠለፈኝ። ኦቦ መገርሳ በአጥር ላይ ብቅ ብለው፣ "ዋቀዮ! አዴ ጠጅቱ፣ ማል ታኤ? ምን ሆነ?" አሉ። ደመቀች ሶኬቱን ነቀለች፣ አራቱን ብሎን ፈታች፣ ቀዳዳዎቹን አብሮ በመጣው ፕላስቲክ ደፈነች። እንደገና ስታስነሳው ማሽኑ እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋ ጀመር። ብሎኖቹን በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ "ቤት ከቀየሩ መልሰው ያስሩበታል።"

ደስ አላት። "ነገ ውሃ ሲመጣ ልብስ እንጨምራለን፤ ከሠራ ቅዳሜ እሄዳለሁ" አለች።

ቅዳሜ! በነጋታው እሷ ለጸሎት ፕሮግራም ስትወጣ እኔ ጓሮ ገባሁ። የውሃውን ቧንቧ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ተመልሳ ልብሱን ጨመረች፣ ቁልፉን ተጫነች፤ ማሽኑ ይጮኻል፣ ውሃ የለም። "እንዴ፣ ምን ሆነ?" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። እሷ ሮቶውን በጡጫ ኳ ኳ አደረገች፤ ሙሉ ነው። የማሽኑን ቱቦ በጣቷ ተከትላ ቧንቧው ላይ ደረሰችና ከፈተችው። "ውሃ አልገባ ሲል መጀመሪያ ቧንቧ ነው የሚታየው፣ እማማ" አለችኝ። ግን ቀኑ አልፎ ነበር፣ መብራትም ሄደ። አንድ ቀን አተረፍኩ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ! በሚቀጥለው ጊዜ ማሽኑን በዳሌዬ ገፍቼ ቱቦውን ግድግዳ ላይ አጣመምኩት። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ቀረ። ደመቀች ማሽኑን ሳብ አድርጋ አቃናችው፤ "ከኋላው አንድ መዳፍ የሚያስገባ ቦታ ይተዉለት።" ሦስተኛው የበለጠ ብልሃት ነበረው። ቆሻሻ ውሃ የሚያወጣው ቱቦ ከወገብ ትንሽ ዝቅ ብሎ መሰቀል እንዳለበት ራሷ ነግራኝ ነበር፤ እኔ አውርጄ መሬት ላይ ጣልኩት። ውሃው በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ማሽኑ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ሮቶዬ ባዶ ሆነ። ያኔ እንኳ ራሴም ተናደድኩ፤ ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለቴ ነው!

ተንኮል ለካ ትምህርት ይፈልጋል። ሳላውቅ ተማሪዋ ሆኜ ቁጭ አልኩ። እሷ ስታስረዳኝ ድሮ በአንድ ጆሮ የምሰማው ሴትዮ አሁን እንደ ዲያቆን ጎንበስ ብዬ እከታተላለሁ፤ ለነገ የማበላሸውን ልምረጥ ነዋ። "ሳሙናው የማሽን ካልሆነ ከአንድ የቡና ሲኒ አይብለጥ፤ የእጅ ሳሙና አረፋው ብዙ ነው" አለችኝ። እሺ ብዬ ሦስት እፍኝ ሞጀርኩበት። አረፋው በሳሙና መክተቻው ግልብጥ ብሎ በረንዳውን ሞላው፣ ዶሮዎቼ ነጭ ሆኑ። ኦቦ መገርሳ አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ "በቃሬዛ የገባ ዕቃ! ጠበል ይረጭበት ብዬ ነበር እኮ" ይላሉ። ሁለት ጊዜ በባዶ ውሃ አለቅልቃ አጠራችው።

በአምስተኛው ቀሚሴ ኪስ ውስጥ አንድ እፍኝ ሽምብራ "ረሳሁ"። ማሽኑ ውሃውን አላወጣ አለ። ደመቀች ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ከፈተች፣ ፎጣ አነጠፈች፣ ማጣሪያውን አዙራ አወጣች። ሽምብራው ውሃ ጠጥቶ አብጧል። አንዷን አንስታ በብርሃን አየቻትና፣ "እማማ፣ ለአሹቅ ደርሷል" አለችኝ። ሳቄን ልዋጥ ብዬ ትን አለኝ። ስድስተኛውን፣ አንዱን የማሽን እግር ሁለት ዙር ማላላቴን፣ በአንድ ደቂቃ ነው ያገኘችው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ገና አለፈ። ጥር ገባ፤ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ መንገዱም ጸጥ አለ። ሁሉም ሲደሰት እኔም ተደሰትኩ፣ ግን ደስታዬ ጎዶሎ ነበር። ዳና ደወለ። "ጓደኛዬ ቅዳሜ ባዶ መኪና ይዞ ከአዲስ አበባ ይመለሳል፤ ከደጅሽ ያነሳሻል" አላት። ሰበብ አለቀ። ደመቀች ሻንጣዋን አልጋዋ ላይ ከፍታ ስትሰበስብ በበሩ ክፍተት አየኋት።

ዓርብ ጠዋት የልብስ መቀሴን ይዤ ጓሮ ሄድኩ። አልዋሻችሁም፣ የውሃ ማስገቢያውን ቱቦ ልቆርጠው ነው። ቱቦውን ያዝኩ፣ መቀሱን ከፈትኩ። ቀና ስል ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ የደመቀች ጽሕፈት ነው። ዓይኔ ደካማ ስለሆነ ፊደሉን አውራ ጣት አሳክላ ጽፋዋለች። "ቧንቧውን ይክፈቱ። ኪስ ይፈትሹ። ሳሙና አንድ ሲኒ። በሩ ቀጭ እስኪል ይዝጉ። ጋቢ ለብቻው ይታጠብ፣ ከሌላ ጋር አይጨመር። በእርጥብ እጅ ሶኬት አይንኩ። ሲያቅትዎ ይደውሉልኝ፣ በስልክ እነግርዎታለሁ። በእጅዎ እንዳያጥቡ።"

ቆሜ አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። የወለድኳት ልጅ እንኳ በዚህ ልክ አላሰበችልኝም። መቀሱን ኪሴ ከተትኩ። አፈርኩ። ሰውን በተንኮል አስሮ ማስቀረት ምን ይሉታል? ትሂድ፣ ወንድሟ ይፈልጋታል፣ ትሂድ አልኩ።

ከምሳ በፊት ልብሱን ጨመርን። በርጩማ አምጥተን ማሽኑ ፊት ተቀመጥን። ውሃው ገባ። ነጠላዬና የሷ የሥራ ቱታ በመስታወቱ ውስጥ ተያይዘው ይዞራሉ። አጠበ፣ አለቀለቀ፣ አስወጣ። ሲጨምቅ ከቦታው አንድ ጣት አልተነቃነቀም። ሰዓቱ ሲሞላ ጢጥ ጢጥ ብሎ ቆመ። ደመቀች በሩን ከፍታ ነጠላዬን አወጣች፤ ምንም አልጎደለውም፣ ንጹሕ ነው።

እኔ ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት። "ቧንቧውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ቱቦውንም፣ ሳሙናውንም፣ ሽምብራውንም..."

"አውቃለሁ" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን። ማሽን ብዙ ነገር ያደርጋል እማማ፤ ቧንቧ ግን አይዘጋም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

ነጠላዬን ጉልበቷ ላይ አጥፋ አስቀመጠች። "ዳና ደግ ነው፣ ሚስቱም ደግ ናት። ግን ቦዲቲ ስሄድ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ጥሩ አልጋ ይሰጠዋል፣ የሚቆጣው የለም። እርስዎ በቀን ሦስት ጊዜ ይቆጡኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ ቤቴ ይሄ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ለዳና 'አልመጣም፣ እማማ ቅሪ ብለውኛል' ልለው ስንት ቀን ጠበቅኩ። እርስዎ ግን አንድም ቀን አፍዎን ሞልተው ቅሪ አላሉኝም። ሽምብራ ብቻ ነው የሚልኩልኝ።"

ወይ እኔ! ሞቼ ነው ቆሜ? "ቅሪ!" አልኳት። ጮህኩ መሰለኝ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ። "ቅሪ እንጂ! ፋብሪካው ቢከፈትም ባይከፈትም ቅሪ። ክፉ ቀን ከመጣም በአንድ ጣሪያ ሥር ይምጣብን። የት ነው የምትሄጂው ጥለሽኝ?"

ፊቷን በእርጥብ ነጠላዬ ሸፍና አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። ይሄኔ ስልኳ ጮኸ። ዳና ነው። እንባዋን ጠርጋ አነሳችው።

"አቤት ዳና... አዎ፣ ሻንጣውን ጀምሬ ነበር... ምን መሰለህ፣ ለነገ አልደርስም። ማሽኑ ዛሬም ተበላሸ።"

"አሁንስ ምኑ ነው?" ሲል ቁጣው እኔ ድረስ ተሰማኝ። ደመቀች ስልኩን በመዳፏ አፍና ወደኔ ዞረች። "እማማ፣ ምኑ ነው ልበለው?"

"ፓምፑ ነው በይው" አልኳት። "ዕቃው ከውጭ አገር ነው የሚመጣው በይው።"